አቶ አስናቀ ረግረጉን የመረቁ ዕለት

በየቀበሌው አንድ ሰብሳቢ አለ። ጠላ የሌለበት ሰርግ ሊኖር ይችላል፤ ሰብሳቢ የሌለበት ቀበሌ ግን ገና አልተፈጠረም። ይህ ሰው ባዶ ወንበር ካየ ይሰበስባል፤ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ካየም «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» ብሎ መሃላቸው ይገባል። ለቅሶ እንኳ ሲደርስ አጀንዳ ይዞ ነው። ከጣና ዳር ባለች አንዲት የባሕር ዳር ቀበሌ ይህ ክቡር ሰው አቶ አስናቀ ይባላሉ።

አቶ አስናቀ ከፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የእድሩ፣ የውሃ መስመሩ፣ የውሻ ክትባቱና የረግረግ ጥበቃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ወሬኛ እንደሚለው እቤታቸው ሽሮ ይሠራ ምስር ይሠራ የሚወሰነው እጅ በማውጣት ነው። ንግግራቸውን ሁሉ «አጭር አደርገዋለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ነባር ሰው ይህን ሲሰማ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ይቀመጣል።

ከአዳማ ተመድባ የመጣችው ሩሐማ ነባር አልነበረችም። የክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ናት፤ እንድትጠብቀው የተሰጣትም ከሐይቁ ጥግ የተኛው ረግረግ ነው። ደንገሉ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ዓሣ የሚፈለፈለው እዚያ ነው፤ ክረምት ሲገባ የሰፈሩን ጎርፍ የሚውጠውም እሱ ነው። ሩሐማ ገና ስታየው ወደደችው። ረግረጉ ግን የተከለለ ወሰን አልነበረውም፤ ከአጠገቡ መዝናኛ የከፈተ አንድ ባለሀብት አፈር እየደፋ በየጊዜው ይገፋው ነበር። ለአለቃዋ ብትናገር «ከኮሚቴው ጋር ሥሪ» አሏት። ከኮሚቴው ጋር ሠራች።

የመጀመሪያው ሥራ እንቦጭ መንቀል ነበር። ሰዉ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ቀሚሱን ሸብ አድርጎ ውሃው ዳር ቆመ። አቶ አስናቀ የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሲከፈት ጠዋት ነበር፤ ሲዘጋ ምሳ ሰዓት ደርሶ ሰዉ ወደየቤቱ ተበተነ። ወይዘሮ የሺመቤት ብቻ ቀርተው «አስናቀ፣ እንቦጩ እኮ አንተን እየሰማ ክንድ አደገ!» አሉ። ወይዘሮ የሺመቤት ደንገል እያጨዱ የሚሸጡ የኮሚቴው አባል ናቸው፤ አብሮ አደግ በመሆናቸው ሰብሳቢውን የማቋረጥ መብት ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ደግሞ አንድ ጊዜ ጉማሬ ከረግረጉ ወጥቶ የአንድ ገበሬ በቆሎ አወደመ። ኮሚቴው የገበሬውን አቤቱታ ሰማ። አቶ አስናቀ «የአንድን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ መፍረድ ነውር ነው» አሉና ጉባኤው ወንበሩን ተሸክሞ ውሃው ዳር ተዛወረ። ክሱ በዝርዝር ተነበበ። ጉማሬው ጆሮውን ብቻ ብቅ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ጠለቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተቃውሞ አላቀረበም» ተብሎ ሰፈረ።

«ጋሽ አስናቀ፣ እንዲህ ስናወራ ረግረጉ አለቀ እኮ!» አለች ሩሐማ አንድ ቀን፣ ትዕግሥቷ ተሟጦ።

«ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና ስለ ችኮላ ጉዳት ሰፊ ማብራሪያ ጀመሩ። ሩሐማ በዚያ ቀን ራሷን አሟት ውላለች።

በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀያሾች እንደሚልክ አስታወቀ። ቀያሾቹ ውሃና ደንገል ያገኙበትን በችካል ከልለው ጥብቅ የሕዝብ ቦታ ያደርጉታል፤ ደረቅ አፈር ያገኙበትን ይተዉታል። ይህን ሩሐማ ታውቃለች። ባለሀብቱም ያውቃል።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የዋርካው ጥላ የሚወድቀው መንገዱ ላይ ስለሆነ አግዳሚዎቹም መንገዱ ላይ ተደርድረዋል፤ ወደ ረግረጉ የሚያስገባ ሌላ መንገድ የለም። አጀንዳው «ቀያሾቹን ማን ይቀበል?» የሚል ነበር። ሁሉም እንዲቀበል ተወሰነ። አቶ አስናቀ መርቀው ሊዘጉ ተነሡ፤ ሰዉም ቆሞ እጁን ዘረጋ። ይኼኔ አፈር እስከ አፉ የጫነ ገልባጭ መኪና፣ ከኋላውም ሌላ ገልባጭ፣ አቧራውን እያቦነኑ ከተፍ አሉ።

ባለሀብቱ ቀያሾቹ ሳይደርሱ ረግረጉን በአፈር ሊያስደፍነው ነው። ሩሐማ ስልኳን አወጣች። አለቃዋ ዘንድ ደወለች፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች።

የፊተኛው ሾፌር አለበል የይፋግ ልጅ ነው፣ በሥርዓት ያደገ። ሽማግሌ ሲመርቅ ጡሩንባ መንፋት እናቱ ያላስተማረችው ነገር ነው። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ቆቡን አወለቀ፣ እጁን ዘረጋ። የኋለኛውም እሱን አይቶ ወረደ። ምርቃቱ እስኪያልቅ መታገሥ ምን ይከብዳል?

አቶ አስናቀ መኪኖቹን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አጭር አደርገዋለሁ» አሉ።

«ዝናሙን የምሕረት ያድርግልን!» «አሜን!» «የወለድነውን ያሳድግልን፣ የዘራነውን ያብቅልልን!» «አሜን!» ላሚቱን ከነጥጃዋ መረቁ። ከሐይቁ ዓሣ ቀረሶውን እንዲያረባው፣ አምባዛውን እንዲያፋፋው ለመኑ። ታንኳ ቀዛፊውን፣ አስተማሪውን፣ ቧንቧ ጠጋኙን መረቁ። የገልባጩን ጎማ ሳይቀር መረቁ፤ አለበል እዚህ ላይ አሜን ያለው ከልቡ ነበር። ጥላው ከመንገዱ ሸሸ፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ወይዘሮ የሺመቤት አንዱን ክንዳቸውን በሌላው ደግፈው «አስናቀ፣ ጨርስ እንጂ፣ እጄ ሊረግፍ ነው!» እያሉ ያንሾካሹካሉ።

ከዚያ አቶ አስናቀ ዝም አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አለቀባቸው። በዚህ ዓለም ላይ ያልተመረቀ ነገር አልቀረም። አለበል ቆቡን ደፍቶ አንድ እግሩን መኪናው ላይ አወጣ። ሩሐማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይህን ረግረግ በአፈር የሚደፍን» አሉ አቶ አስናቀ፣ በዚያው በምርቃቱ ዜማ፣ «መኪናው ዳገት አይውጣለት!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። አለበልም።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አይያዝለት!»

«አሜን!» አለ አለበል፣ ከሁሉም ጮኾ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና አፉን በሁለት እጁ ያዘ።

«አባባ!» አለ እየሮጠ መጥቶ፤ «ይችን አሜን መልሱልኝ!»

«ከአፍ የወጣ አሜን በምን ይመለሳል፣ ልጄ?»

«ኧረ በማርያም! ሰኞ ጭነት ይዤ በዓባይ በረሃ ነው የምወርድ!»

«አፈሩን ሳትደፋ ከተመለስህ አሜኑ አንተን አያውቅህም» አሉ አቶ አስናቀ። የኋለኛው ሾፌር ይህ ንግግር ሳያልቅ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ነበር። የአለበል ስልክ ጮኸ፤ ባለሀብቱ ነው። አለበል ሰማ፣ ሰማና «ጌታው፣ መጥተው እርስዎ ይድፉት። እኔ አሜን ብያለሁ!» ብሎ ዘጋው። ዋርካው ሥር የነበረው ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ወይዘሮ የሺመቤት በረገፈው እጃቸው አጨበጨቡ።

ቀያሾቹ ከሰዓት መጡ። ችካሉ ደንገሉ ከሚያልቅበት ዳር፣ አንድም ሳይጎድል ተተከለ። ሰዉ እልልታውን አቀለጠው።

ሁሉም ሲበተን አቶ አስናቀ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ሩሐማ ጠጋ አለቻቸው።

«ጋሽ አስናቀ፣ እርግማኑን አስቀድመው አስበውበት ነበር እንዴ?»

«የምን ማሰብ! መኪናውን ሳይ ደነገጥሁ፣ ልጄ። እንደ ወንድ ከፊቱ ልቁም ብል እግሬ እምቢ አለኝ። እኔ የምችለው ማውራት ብቻ ነው። ዝም ካልሁ ይነሣል ብዬ ፈራሁ።»

ሩሐማ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ እንባ ዞረባት። እኚህን ሰውዬ እንደ አባቷ እንደምትወዳቸው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አቶ አስናቀ አፈሩ፤ መዳፋቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። ሩሐማ ረጅሙን ምርቃት ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

«እደጊ» አሉና ዝም አሉ።

«አሜን» አለች።