የጁምዓ አርባ እሾህ

(አሶሳ፤ በ1892 ዓ.ም. ገደማ። የወጌሻው የጁምዓ የቀርከሃ አጥር ሥር። ነጋዴው ማህጁብ ግንድ ላይ ተቀምጧል፤ ገበሬው ኻሚስ ቆሟል።)

ማህጁብ፦ ተቀመጥ እኮ ነው የምልህ! ቀና ብዬ ሳይህ አንገቴ ተቆለመመ።

ኻሚስ፦ ቆሜ ይሻለኛል።

ማህጁብ፦ ግንዱ ለሁለት ይበቃል!

ኻሚስ፦ ለሦስትም ይበቃል። ቆሜ ይሻለኛል።

ማህጁብ፦ እሺ፣ ተገተር። ወሬውን ሰማህ? ስምንት ወር ሙሉ የደከመው፣ ዝንብ እሽ ማለት ያቃተው ሰውዬ፣ በሆዱ ተደፍቶ በቃሬዛ እዚህ መጣ። ጁምዓ አርባ የጃርት እሾህ ሰካበት። ሰውዬው ብድግ! ሁለት አህያና አንድ ሰጎን ቀድሞ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ገባ!

ኻሚስ፦ ሰጎኗን ማን አያት?

ማህጁብ፦ ገበያው ሁሉ!

ኻሚስ፦ እኔ አላየኋትም። ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ያን ቀን እኮ እኔ...

ማህጁብ፦ አንተ ደግሞ! ከማሳህ ወጥተህ የማታውቅ! እኔ ሱዋኪን ወደብ ድረስ ሄጄ የቻይና መርከበኛ አነጋግሬአለሁ። በሰውነታችን ውስጥ የጉልበት ቦይ አለ። ሲደፈን ሰው ይደክመዋል። መርፌ ሲገባ ይከፈታል።

ኻሚስ፦ ከተከፈተ ጉልበቱ አይፈስም?

ማህጁብ፦ ወላሂ፣ ያንተስ የተደፈነው ጭንቅላትህ ነው! ስማ፣ እኔም ድካሙ ሊገድለኝ ነው። ኢንዓምን ለማግባት የአባቷን የረጀብን ማሽላ ማረም አለብኝ። ሁለት ጊዜ ገባሁ፤ ሁለቴም ትልሙ ላይ ተኝቼ አገኘኝ። ነገ ሦስተኛዬ ነው። ከተኛሁ ለሐምዳን ሊሰጣት ነው።

ኻሚስ፦ ሐምዳን ጎበዝ አራሚ ነው።

ማህጁብ፦ ማን ጠየቀህ! ጁምዓን «ስካብኝ» ብዬ ለመንኩት። «እንዲህ ያለ ሥራ አላውቅም» አለኝ። ምስጢሩን ሊደብቅ! እኔ ግን እሾሆቹን ከደጁ ለቅሜአለሁ። (ጥቅል አውጥቶ ይሰጠዋል፤ በሆዱ ይተኛል።) በል ስካ!

ኻሚስ፦ ማህጁብ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ...

ማህጁብ፦ ስካ ብዬሃለሁ! ነገ አረም አለብኝ!

ኻሚስ፦ ሰውዬው የቱ ጋ ነው የተሰካበት አሉ?

ማህጁብ፦ መቀመጫው ላይ።

ኻሚስ፦ እሱስ እውነት ነው። (ይሰካል።)

ማህጁብ፦ ወይኔ እናቴ! ... ይኸው፣ ቦዩ ሲከፈት ይሰማኛል። ጨምር!

ኻሚስ፦ ይብቃህ፣ እኔ እኮ...

ማህጁብ፦ ጨምር!

(ኻሚስ ሦስት እሾህ በአንዴ ይሰካል። ማህጁብ እንደ ፌንጣ ዘሎ ይነሳል።)

ማህጁብ፦ ኸላስ! ይብቃ! ... (አጥሩን ሁለቴ ይዞራል።) አየህ? ድካሙ ጠፋ! ነገ ቀኑን ሙሉ ሳልቀመጥ ነው የማርመው!

ኻሚስ፦ መቀመጡንማ ለሦስት ሳምንት እርሳው።

ማህጁብ፦ አንተ በምን አወቅህ?

ኻሚስ፦ ሦስቴ ልነግርህ ስል አፌን ዘጋህ። ሰውዬው እኔ ነኝ።

ማህጁብ፦ አንተ? ያ ሁሉ ድካም የነበረብህ?

ኻሚስ፦ ደክሞኝ አያውቅም። ማታ ኦቾሎኒዬን ስጠብቅ በጨለማ ድንጋይ መስሎኝ ጃርት ላይ ተቀመጥኩ። ኩርሙክም አልሄድኩም፤ እንዲያበርድልኝ ታች ወንዙ ውስጥ ነው የገባሁት። ሰጎን የሚባል አልነበረም። ጁምዓም አንድ እሾህ አልሰካብኝም፤ ሲነቅልልኝ ነው ያያችሁት።