ሆድ የሌላት መኪና

ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ ጋቢ ተከናንቤያለሁ። ሰይድ ከፊት ሆኖ፣ አጎቴ፣ እግርዎ ይታያል፣ ሰብሰብ ያድርጉት ይለኛል። ሰበሰብሁ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እግሩን አጥፎ መኪና ውስጥ ሲደበቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ቀን ከላላ፣ አሊ ግቢ ብትመጡ ታዩኝ ነበር።

ሽማግሌዎቼ ሼህ ይማምና ጎረቤቴ አቶ ካሳ ከአሊ ደጃፍ ቆመው እህቱን ጦይባን ለእኔ እየጠየቁ ነው። ባሏ ከሞተ ሰንብቷል። የኔም ሚስት ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ይላካል እንጂ ጠያቂው ራሱ አብሮ አይሄድም። ነውር ነው፣ በሬ ሊገዛ የወጣ ይመስላል። ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ሄድህ ትሉኝ ይሆናል። ፊቴን ላሳይ። ለጦይባ አይደለም፤ ለመኪናዋ።

መኪናዋ የልጄ የዘሃራ ስጦታ ናት። ዘሃራ ጅዳ ነው የምትሠራው። አባ፣ በሚኒባስ መጋፋት ይብቃዎት ብላ፣ አዲስ አበባ ላይ በሰው አስገዝታ መካነ ሰላም ድረስ ላከችልኝ። አላህ ይስጣት። ነዳጅ አትጠጣም፤ እንደ ስልክ ተሰክታ ታድራለች። ይህን ወደድሁላት። ሌላው ጠባይዋ ግን፣ ምን ልበላችሁ።

መጀመሪያ ወንበሯ ይሞቅ ነበር። የእኛን ብርድ ታውቁት የለ? አንድ ወር ሞቀና በረደ። ተበላሸ ወይ አልሁት ሰይድን። ሰይድ የእህቴ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን እኔን ይነዳኛል። ፊደል ስላልቆጠርሁ ስክሪኗ ላይ የሚመጣውንም እሱ ነው የሚያነብልኝ። አልተበላሸም፣ በየወሩ ካልተከፈለ አይሞቅም ነው የምትለው አለኝ። ወንበሩ የኔ አይደለም ወይ? ወንበሩ የርስዎ ነው፣ ሙቀቱ የነሱ ነው አለኝ። ይኸው ስንት ዘመን ጋቢ ለበስሁ፤ ሸማኔው መጥቶ ሙቀቱን መልስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀጥሎ ሁለት በግ ጭነን አጅባር ገበያ ልንገባ ስንል ቀጥ አለች። ራሴን እያደስሁ ነው፣ አትንኩኝ ትላለች አለ ሰይድ። ከፋብሪካዋ አዲስ ትምህርት መጥቶላት ነው አሉ። በቅሎ እንኳ የምትገራው ሳትጫን ነው። በግ ጭኖ ትምህርት ምን ይሉታል? ገበያው ተበተነ፣ በጎቹ ተመልሰው ከደጄ ገቡ። ይባስ ብላ፣ ተምራ ስታበቃ የሰይድን ፊት ረሳችው።

ዘሃራ ሌባ ፈርታ፣ የኔን ወይም የሰይድን ፊት ካላየች እንዳትነሳ አስደርጋት ነበር። አሁን የቀረው የኔ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ በተነሳን ቁጥር የሾፌሩ ወንበር ላይ እወጣለሁ፣ ጥምጥሜን እፈታለሁ፣ ያቺን ትንሽ ዓይኗን ትክ ብዬ አያታለሁ። ስታውቀኝ ወርጄ ለሰይድ እለቃለሁ። የሰይድን ፊት ለማስመለስ ዘሃራ ከስልኳ መፍቀድ አለባት። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ከዘሃራ ጋር ረዘም ያለ ወሬ ፈርቻለሁ።

ለምን መሰላችሁ? አሊ ሽማግሌዎቼን በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ልጁ ታውቃለች ወይ ብሎ መልሷቸዋል። ቤቱን ያሠራችው እሷ ናት፤ በእናቷ ቦታ ሌላ ሴት ስታገኝ ከፍቷት እህቴን ብታስወጣትስ አለ። እውነቱን ነው። እነግራታለሁ አልሁ። ዘሃራ በየጁምዓው ትደውላለች። በየጁምዓው ደህና ነኝ አልሃምዱሊላህ እላለሁ፣ የዝናቡን ነገር እነግራታለሁ፤ ያኛው ከጉሮሮዬ አይወጣም። ሆድ ካገር ይሰፋል እያልሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ስልኬን አጥፍቼ መኪና ላይ ወጣሁ።

ለካ መኪናዋ ሆድ የላትም። ከወረዳችን ከቦረና ስትወጣ ለዘሃራ ስልክ ታቃጥራለች። የት እንዳለች፣ በምን ፍጥነት እንደሄደች፣ ማን ቀበቶ እንዳላሰረ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሰይድም አላወቅሁም ይላል። መኪናዋ በመጣች ቀን የማያልቅ ጽሑፍ ስትደረድር፣ ሳያነብ እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያለ ነክቶ ማለፉን ግን አልካደም።

አሊ ያንኑ ጠየቀ። ልጁ ታውቃለች? ሼህ ይማም ጢማቸውን ያዙ። አቶ ካሳ ሳል ያዛቸው። ያን ጊዜ መኪናዋ ጮኸች። በሮቿ ቀጭ ቀጭ ብለው ተቆለፉ። ዶሮው ተበተነ፣ ጎረቤቱ ወጣ። ከመኪናዋ የልጄ ድምፅ ወጥቶ ግቢውን ሞላው።

«አንተ ሌባ፣ የት እንዳለህ አውቄያለሁ። ፊትህን አሳየኝ።»

ሰይድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ጋቢዬን ገልጬ ቀና አልሁ።

«አባ?»

«አቤት ልጄ።»

«ምነው ተሸፋፈኑ? ስልክዎስ ለምን ተዘጋ? አግተውዎት ነው? ከላላ ምን ይሠራሉ?»

በመስኮቱ አያለሁ። ሽማግሌዎቹም፣ አሊም፣ ከጓዳ የወጣችው ጦይባም መኪናዋን ከበዋል። በሩ አይከፈት፣ የት ልሂድ? ሰው ውሸት የሚመጣለት መሸሻ ሲኖረው ነው።

«ሚስት ልጠይቅ መጥቼ ነው» አልሁ።

ኔትወርክ ሄደ መሰለኝ አለ ሰይድ በሹክሹክታ። አልሄደም። ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«ለመኪናዋ ነግረው ለእኔ ሳይነግሩኝ?»

«ወላሂ ለእሷም አልነገርኋትም።»

እያለቀሰች ሳቀች። ሴትዮዋ አሉ ወይ አለች። አለች አልሁ። ከዚያማ ለጦይባ ዘረገፈችላት። አባ ሐኪም የከለከላቸውን ስኳር ተደብቀው ይበላሉ፣ መድኃኒታቸውን ይረሳሉ፣ ሲቆጡ ዝም ይላሉ፣ ሳይቆጡም ዝም ይላሉ፣ እንዴት እንደሚለይ እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ይህን ችለው ከተቀበሏቸው ግን አላህ ያክብርዎት አለቻት። ይህን ሁሉ ከላላ ሰማ።

አሊ ወደ ሽማግሌዎቼ ዞሮ፣ በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ አላቸው። ቁጭ በሉ ከተባለ እሺ ማለት ነው። ያቺን አቃጣሪ ልረግማት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። እኔን ስንት ጁምዓ ያቃተኝን በአንድ ጩኸት ጨረሰችው እኮ።

ዘሃራ በሩን ከጅዳ ሆና ከፈተችልኝ። ወረድሁ። ሰይድ ደስ ብሎት፣ በሠርጉ ቀን በዚህችው እንወስድዎታለን አላት ጦይባን። ጦይባ መኪናዋን ዞራ አየቻት፤ ያቺን ትንሽ ዓይኗንም ጎንበስ ብላ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን ካፏ ላይ ሳታነሳ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እኔስ እመጣለሁ» አለችኝ። «ግን በቅሎ ይላኩልኝ። በቅሎ ያየችውን ለሰው አትናገርም።»