ቢጫው ጨርቅ

ዛሬ ከምሳ በኋላ በሕልሜ የእንግሊዝኛ ክፍላችን የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ሆኖ አየሁ። መኪኖቹ ቆመው መንገዱ ከሥራቸው ይሮጣል። ተመልካቾቹ ላብ በላብ ሆነው ይሽቀዳደማሉ፤ ተወዳዳሪዎቹ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ዋንጫው መጨረሻ ለወጣ ነው። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ስለነበር ሰው ሁሉ አዘነልኝ።

አስተማሪው ጋሽ አጥናፉ ነበሩ። በእውኑ ተማሪዬ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ። ንግግር ለማለማመድ ብዬ ድምፁ የተዘጋ የመኪና ውድድር ቪዲዮ አሳያለሁ፤ ተማሪው ውድድሩን ለአንድ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ያስተላልፋል። ካቋረጠ እንደ ውድድር ዳኛ ቢጫ ጨርቅ አውለበልብበታለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ አጥናፉ መሐል ላይ ቀጥ አሉ።

"መምህር፣ ማርሹ አልገባ አለኝ።"

"እርስዎማ ገና ከጋራዥም አልወጡ!" አልኳቸው ጨርቁን እያውለበለብኩ።

ክፍሉ አውካካ። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቀሩ።

በሕልሜ ግን ጨርቁ በእሳቸው እጅ፣ መሪው በእኔ እጅ ነበር። መኪናው በነዳጅ ሳይሆን በንግግር ነው የሚሄደው።

"በል ተናገር" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ የተማርኩት እንግሊዝኛ፣ ከተመለስኩ ወዲህ የሚያስከብረኝ እሱ ብቻ የሚመስለኝ፣ በጭስ ማውጫው ቡን ብሎ ወጣ። መካኒኮች እየሮጡ መጡ። ጎማውን ትተው ምላሴን ፈቱት።

"ይሄማ አልቋል" አለች ከፊት የምትቀመጠው ተማሪዬ ትርሲት፣ ምላሴን ወደ ብርሃን አንስታ። "ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ አለህ?"

የለኝም። መኪና ነድቼ አላውቅም፤ ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሚሮጠው ተመልካች ሁሉ ቆሞ አየኝ። ጋሽ አጥናፉን ይቅር ይበሉኝ ልላቸው ፈለግሁ፤ ምላሴ ትርሲት እጅ ነበር። እሳቸው ጨርቁን ከፍ አደረጉ። አንገቴን ደፋሁ።

ነቃሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ኖሯል። ተማሪዎቹ ገብተው ተቀምጠዋል። ጋሽ አጥናፉ ራስጌዬ ቆመው በቢጫው ጨርቅ ዝንብ ያባርሩልኛል። ትርሲት ሳቋ ሲያመልጣት፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በእንግሊዝኛ፣ አንድም ቦታ ሳያቋርጡ፣

"ቀስ በሉ እባካችሁ፤ መምህራችን ከሩቅ መንገድ መጥቶ ደክሞታል" አሉ።

ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።