የጋራዥ ጠማቂዎች ማኅበር የመጪውን ዓመት ዕቅድ አውጥቶ የሻረበት ስብሰባ

ቀን፦ የዓመቱ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ።

ቦታ፦ የሊቀመንበሩ ጋራዥ። መኪናዋ ለስብሰባው ሲባል ውጪ ቆማለች። ዝናብ ስለነበረ ሊቀመንበሩ በየመሃሉ እየወጡ መስኮቷ መዘጋቱን አይተዋል።

የተገኙ፦

ሊቀመንበር፦ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ።
ምክትል ሊቀመንበር፦ የጥርስ ሐኪሟ።
አባል፦ የአውቶቡስ ሾፌሩ።
አባል፦ የጋሼ ሚስት ታናሽ ወንድም፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፤ ከዚህ በታች "አማች" ተብሎ የሚጠራ።
ጸሐፊ፦ እኔ፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው። ለዚህ ሥራ የተመረጥኩት ባልነበርኩበት ስብሰባ ነው።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ የአማች እህት። የመጡት ለስብሰባ ሳይሆን ማኅበሩ ተውሶ ያልመለሰውን ትልቅ ድስታቸውን ሊወስዱ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንባችን መሠረት አንድም አባል ከጎደለ ዕቅድ አይጸድቅም። አማች ግን "ዳግመኛ እዚያ ጋራዥ ብገባ እግሬ ይቆረጥ" ብሎ ምሎ ስለነበር በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሾፌሩ አንድ ወንበር ደፉ ላይ እንዲቀመጥ፣ የፊት እግሮቹ ወደ ውስጥ የኋላዎቹ ወደ ውጪ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። ጋሼ ሜትራቸውን አውጥተው ለኩና "ከወንበሩ የሚበዛው ውስጥ ነው" ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ። አማች ጃንጥላ ዘርግቶ እንዲሰበሰብ ተፈቅዶለታል።

ማሳሰቢያ፦ ጋሼና አማች ከቁም ሣጥኑ ጉዳይ ወዲህ አይነጋገሩም። የሚናገሩትን ለጸሐፊው ይናገራሉ፣ ጸሐፊው ለሌላው ይናገራል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁለት ክንድ ገደማ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈው ዓመት አፈጻጸም

የመጀመሪያው ጥምቅ የአፍ መጉመጥመጫ የሚመስል ጠረን እንደነበረው ተወስቷል። የጥርስ ሐኪሟ በርሜሉን በክሊኒካቸው መድኃኒት ያጠቡት ለንጽሕና መሆኑን ገልጸው፣ ከዚያ የበለጠ ንጹሕ ቢራ ያየ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። ሾፌሩ ንጽሕናውን የተጠራጠረ ሰው እንደሌለ፣ የተጠራጠሩት ቢራነቱን ብቻ እንደሆነ አስረድቷል።

ሁለተኛውን ጥምቅ ሾፌሩ ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ በስጦታ ወስዶ ነበር። አለቃው ሰላጣ ላይ አፍስሰውት በጣም ስለወደዱት ሌላ ጠርሙስ እንዲጨመርላቸው ጠይቀዋል። ይህ በጥንካሬ ይያዝ ወይስ በድክመት በሚለው ላይ ስምምነት ስላልተደረሰ በሁለቱም ተይዟል።

ሦስተኛው ጥምቅ ሙቀት እንዲያገኝ በእትዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቆ የፈነዳው ነው። ጋሼ፣ አማች ስኳሩን ሁለት ጊዜ በመጨመሩ መፈንዳቱን ለአማች እንድነግርላቸው አዘዙኝ። አማች በበኩሉ፣ ሳይደርስ ጠርሙስ ውስጥ የጨመሩት እሳቸው መሆናቸውን፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የተባለውም ለእሳቸው መሆኑን እንዳስረዳለት አሳሰበ። ጋሼ፣ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለ ፍንዳታ አስተማሪ የሚሆነው ከየትኛው ሙያው ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቁ። አማች የሰጠውን መልስ እትዬ እዚህ ስላሉ አልጻፍኩትም። እትዬ ድምፅ ባይኖራቸውም "ካፖርቴ እስከ ዛሬ እርሾ እርሾ ይላል" ብለው አስመዝግበዋል።

አራተኛው ጥምቅ ከጠቡ በፊት ተጀምሮ ጥግ ላይ፣ በርሜሉ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ጋሼ "የማንም እጅ ያልነካው የሙት ልጅ ነው፣ ይደፋ" አሉ። አማችም ይደፋ አለ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ በዓመቱ የመጀመሪያው ስለሆነ ጭብጨባ ተሰማ።

አጀንዳ ሁለት፦ የመጪው ዓመት ግቦች

ጋሼ በየወሩ አንድ ጥምቅ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። አማች ዓመቱን ሙሉ አንድ ብቻ ተጠምቆ በትዕግሥት እንዲጠበቅ ጠየቀ። ሾፌሩ አስታራቂ ሐሳብ አለኝ ብሎ፣ በርሜሉ በአውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ እየተጓዘ እንዲበስል፣ በዚህም ጊዜው ሳይረዝም መንገዱ እንዲረዝም አመለከተ። የጥርስ ሐኪሟ በመንጋጋ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ጭካኔ አይተው እንደማያውቁ በመግለጽ ተቃወሙ።

ከዚያም ግባችን "የሚጠጣ ቢራ መጥመቅ" ተብሎ ይጻፍ ሲባል፣ ጋሼ "የሚጠጣ" የሚለው ቃል ያለፈውን ዓመት ስለሚሰድብ እንዲወጣ፣ አማች ደግሞ "ቢራ" የሚለው ስለሚያጋንን እንዲወጣ ጠየቁ። ሁለቱም ቢወጡ የሚቀረው "መጥመቅ" ብቻ መሆኑን ሳስታውስ፣ ጸሐፊ ሐሳብ እንደማይሰጥ ተነገረኝ።

ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ ማኅበሩ ለሁለት እንዲከፈል ተወሰነ። እንዴት እዚያ እንደተደረሰ መጻፍ ነበረብኝ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ስለተናገሩ ግን አልያዝኩትም። የያዝኩት የጋሼን "ንገርልኝ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት" የሚለውንና የአማችን "ከዛሬ ጀምሮ የእህቴ ባል እንጂ የኔ ማንም አይደሉም" የሚለውን ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ድስቱን አስቀምጠው ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

አጀንዳ ሦስት፦ የንብረት ክፍፍል

በርሜሉ ለጋሼ፣ ክዳኑ ለአማች እንዲሆን ተወሰነ። የመቅጃውን ቱቦ ጋሼ ለክተው ከወገቡ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉበት። ሙቀት መለኪያው በጋ በጋ ለአንዱ፣ ክረምት ክረምት ለሌላው ይሆናል። የቆርኪ ማሸጊያው፣ ገለልተኛ ናቸው በተባሉት በጥርስ ሐኪሟ እጅ እንዲቆይ፣ እሳቸውም ለክሊኒክ ሥራ እንዳይጠቀሙበት ቃል እንዲገቡ ተደረገ። ጠመኔውን ልመልስ ወጣ ባልኩበት ቅጽበት የሁለቱም ማኅበራት ጸሐፊ ሆኜ በሙሉ ድምፅ ተመርጫለሁ።

ድስቱ ለማን ይሁን ሲባል እትዬ "ድስቱ የኔ ነው" አሉ። ድምፅ የሌለው ሰው ንብረት ሊኖረው ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ጋሼ ሊያነሡ ጀምረው፣ የእትዬን ዓይን ካዩ በኋላ ትተውታል።

በርሜሉና ክዳኑ የሚለያዩት በርሜሉ ባዶ ሲሆን ስለሆነ፣ ሾፌሩ አራተኛውን ጥምቅ እንዲደፋ ታዘዘ። ሐኪሟ ጓንት አስጠለቁት። ብርድ ልብሱን ገፎ ክዳኑን ከፈተ። ከፍቶም ወደ ውስጥ አጎነበሰ።

"ምነው፣ ሸተተ?" አሉ ጋሼ።

"አይ ጋሼ... እስቲ እርስዎ ይምጡ።"

ጠረኑ ከእሳቸው ቀድሞ ጋራዡን ሞላው፤ ልክ የተቆላ ገብስ። እትዬ ተነሥተው በጭልፋ ጨለፉና ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። "ማነው የተንከባከበው ይሄን?" አሉ። እኔ ስቀምሰው በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቢራ ጠጥቼ አላውቅም፤ ይህ የጸሐፊው ሐሳብ ነው፣ ይመዝገብ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ብርድ ልብሱን... ጠዋት ጠዋት አስተካክለው ነበር። ብርድ እንዳይመታው ብዬ።"

"አተላውስ? አተላው ወጥቷል እኮ" አሉ ሐኪሟ።

ከበሩ በኩል "እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ተሰማ። አማች፣ ጋሼ በእግር ሊንሸራሸሩ ሲወጡ እየጠበቀ ይመጣ እንደነበር፣ አተላውን እያወጣ፣ በርሜሉን ወደ ሞቃቱ ግድግዳ እያስጠጋ ይመለስ እንደነበር አመነ። መሐላውን ሐኪሟ ሲያነሡበት፣ የማለው ቆይቶ፣ ጋራዡ ውስጥ ሊያዝ ትንሽ ሲቀረው መሆኑን አስረድቷል። ቁልፉን ማን እንደሰጠው ሲጠየቅ እህቱን አየ። እትዬም በድንገት የድስታቸውን እጀታ አጥብቀው መመርመር ጀመሩ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እኔን ትተው በቀጥታ ወደ በሩ "በርሜሉ ቦታውን ሲቀይር እኮ እርጅናዬ መስሎኝ ነበር! ለሐኪም ልነግር ነበር!" አሉት።

"እኔም ብርድ ልብሱ በራሱ ሲታጠፍ ሰላም የለኝም ነበር፣ ጋሼ።"

አማች ጃንጥላውን እንደዘረጋ ገባ። የእግሩን መሐላ ያነሣበት የለም።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ይህን ቢራ ዳግም ለመጥመቅ አንዱ ሌላው ያደረገውን ማወቅ እንዳለበት ግልጽ ሆነ። ጋሼ መራራ ቅጠሉን መጨመራቸውን ተናገሩ። አማችም ጨምሬያለሁ አለ። አንዱ ጨምሮ ሌላው ሳያውቅ የጨመረው ምን ያህል እንደሆነ ለማስላት ወረቀት ቀረበ፤ ክርክር ተነሣ፤ "አንተ ግትር"ና "ጋሼ፣ አይቸኩሉ" ተባባሉ። ሾፌሩ ድንች ልጦ ለድስቱ አዘጋጀ፤ እትዬ ያዘዙት ነው።

ውሳኔ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ በአጀንዳ አንድ የተወሰነው መድፋት፣ በአጀንዳ ሁለት የተወሰነው መከፈል፣ በአጀንዳ ሦስት የተወሰነው ክፍፍል በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። እትዬ ድምፅ እንዲኖራቸው በእትዬ ሐሳብ አቅራቢነት ጸድቋል። ለመጪው ዓመት ምንም ግብ አልተያዘም።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ተበተነ። የሄደ ሰው ግን የለም።