ባለባልዲው አወል ምሥራች ይዘው በብስክሌት ወደ ሀደሮ የዘመቱበት ቀን

ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በለካ በአንድ አምላክ ስም፤ ቤንዚን ከማደያ በራቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ባጃጅ በሆሳዕና፣ በጥንት ስሟ በዋቸሞ፣ አደባባዮች በነገሠ በዐሥራ አንደኛው፣ ሞዐ ዳገት ዘእምነገደ ዋቸሞ፣ ርቱዐ መሪ፣ ጽኑዐ እግር፣ የፕላስቲክ ባልዲና የጀሪካን ነጋዴው ጌታችን አወል በአዲሲቱ ብስክሌታቸው ኮርቻ ላይ ወጥተው ወደ ሀደሮ የዘመቱበትን ዜና፣ እኔ ጎረቤታቸው ቸኮል፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ምንም ሳልጨምር፣ ብቀንስም ለክብራቸው ስል ብቻ ቀንሼ፣ እንዲህ ጻፍሁ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ሰሚራ በደም ግፊት ታመው ወር ሙሉ አልጋ ላይ ቆዩ፤ በሀደሮ የተዳረችው እህታቸው መርየምም አራስ ስለነበረች መጥታ ልታያቸው አልቻለችም፤ በስልክ ብቻ ስታለቅስ ሰነበተች። በዚያ ሰሞን ግን እናትየው ድነው ተነሡ፤ ገበያ ካልወጣሁ እስከማለትም ደረሱ። ጌታችን ይህን ባዩ ጊዜ በቤታቸውም በመናኸሪያውም እንዲህ ሲሉ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ ንገር። እናታችን መዳኗን ማንም ለመርየም ደውሎ እንዳይነግር። ይህ ምሥራች በስልክ አይባክንም። በገዛ እግሬ አደርሰዋለሁ፤ እስክደርስም ሞተር ያለው ነገር ላይ አልቀመጥም።» የመናኸሪያ ሰዎች ሳቁ፤ የጌታችንን ሆድ እየጠቆሙ የሳቁም ነበሩ፤ ስማቸውን ይህ መጽሐፍ አይዘግብም።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሡ። ብቻቸውንም ወጡ፤ የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበር፦ በስተቀኝ መንፊያ፣ በስተግራ ትርፍ የጎማ ካላማዳሪያ፣ በመካከል ሙዝና ውሃ፣ በደጀንነትም እስከ ከተማው ጫፍ እየጮኸ ያጀባቸው የሰው ውሻ። ስልካቸው የተጓዙትን ኪሎ ሜትር እንዲቆጥር በመሪው ላይ ተሾመ፤ እርሱም ሹመቱ ከብዶት፣ ባትሪው አልቆ፣ ከቀትር በፊት ዐረፈ።

ወእምዝ ወደ ዶዮገና የሚወጣው ዳገት ተነሣባቸው። ለገበያ የሚነዳ የበግ ጭፍራ መንገዱን ዘግቶ ሳይቸኩል ይሄዳል፤ ከኋላም ሚኒባስ ሁሉ እየቆመ፣ ጎልማሳ ሰው በሳይክል የሚሄደው ቢቸግረው ነው ብሎ እያዘነ፣ ረዳቶቹ በየተራ «ጋሼ፣ ይግቡ። ሳይክሉን ጣሪያ ላይ እናስረዋለን፤ ሒሳብ አንጠይቅም» እያሉ ያውጁባቸዋል። ጌታችን ከበጎቹ ይልቅ ይህን ቸርነት ፈሩ። ዳገት ላይ ከብስክሌት የወረደም መልሶ መውጣት ይከብደዋልና፣ ዶዮገና መካከል የመርየም ባል የአጎት ልጅ ሰዒድ ከጨርቅ ሱቁ ወጥቶ እጁን ቢያነሣላቸው፣ ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ ሰላም ሳይሉት አለፉ። በዘመቻው ሁሉ ያጠፉት ጥፋት ይህ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በቃ።

በአገራችን ሰላም ሳይል የሚያልፍ ዘመድ መርዶ ይዟል። ሰዒድም ወደ መርየም ደውሎ፣ «አወል አሁን አለፈኝ። ብቻውን ነው፤ በሳይክል ነው፤ ሰላም አላለኝም። ቀና ብሎም አላየኝ። እናታችሁ እንዴት ናቸው?» ሲል አወጀ። መርየም ወደ እናቷ ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። ወይዘሮ ሰሚራ ስልካቸውን ቤት ጥለው ገበያ ወጥተው፣ ከናፈቋት ጎመን ሻጭ ጋር እየተከራከሩ ነበር። ወደ ወንድሟ ደወለች፤ ዝግ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም ምንም ሳይነግራት ሁሉንም ዐወቀች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የዕድሩም ድንኳን ወጣ።

ጌታችን ይህን ሳያውቁ ከዶዮገና ማዶ ቁልቁለቱን ወረዱ። ነፋሱ ሸሚዛቸውን ነፋው፤ እርሳቸውም ምሥራቹን እንዴት አድርገው እንደሚናገሩት በየእንሰቱ ሥር ጮክ ብለው ይለማመዱ ነበር። አንድ የመጨረሻ ዳገት ሲቀራቸው ወደ ሀደሮ የሚሄድ ሚኒባስ አጠገባቸው ቆመ። ረዳቱ ሀምዛ የመርየም ጎረቤት ነበረና ወሬው በስልክ ደርሶት፣ «ጋሼ አወል፣ አላህ ያጽናዎት። ድንኳን ተተክሏል። መርየም ራሷን ስታ ነው በውሃ የመለሷት። ይግቡ» አላቸው። ጌታችን ነገሩ ሲገባቸው የሀምዛን ስልክ ነጥቀው ወደ መርየም ደወሉ፤ «እናታችን ደህና ናት!» ብለውም አወጁ። መርዶ ነጋሪ ሁሉ እስኪደርስ ድረስ የሚለው ይህንኑ ነውና፣ በወዲያኛው ጫፍ ለቅሶው በረታ።

ዳገቱን አዩት። ሊወጡት ይችሉ ነበር፤ እኔ ጸሐፊው እመሰክራለሁ፤ ቢዘገዩም ይወጡት ነበር። ነገር ግን ምንም ሳያስነግሩ ብስክሌቷን ለሀምዛ ሰጥተው፣ በኋላ ወንበር፣ በድንች ጆንያና በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት መካከል ተቀመጡ፤ እስኪደርሱም ድረስ ሹፌሩን ፍጠን ይሉት ነበር።

በድንኳኑ ደጅ ሲወርዱ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጮኸ። ጌታችን የተለማመዱት ንግግር ሁሉ ጠፋቸው፤ «የምሥራች፣ መርየም። ድና ገበያ ወጥታለች» አሉ። መርየም ሰውን ገፍታ ወደ ፊታቸው መጣች። ከዚያም ደረታቸውን በጡጫ መታች፤ ደግማም መታች፤ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች «ምስር ብላ» አለች። ድንኳኑም በከንቱ አይነቀልም ተብሎ፣ ለለቅሶ የመጣው ሕዝብ እስከ ማታ ቆጮ በጎመን ሲበላ ዋለ።

በመናኸሪያ ያሉ ጠላቶቻቸው ዛሬም ብስክሌቷ ጣሪያ ላይ ተጭና ገባች ይላሉ። ተጭና ገብታለች። ብዙ ታላላቆች ቃላቸው እንዳይወድቅ ሲሉ የሰው እንባ ሲወርድ ቆመው አይተዋል፤ ሞዐ ዳገት አወል ግን እህታቸው ጥቂት ቀንሳ እንድታለቅስ ብለው በሕዝብ ፊት ያስነገሩትን አፈረሱ። ስለዚህ በዋቸሞ ዜና መዋዕል ታላቁ አወል ተብለው ይጻፉ፤ ያልወጡት ዳገትም በስማቸው ይጠራ።