ብርሃን ጠባቂው በአውድማ ላይ

መነሳሳት ፍለጋ ካሜራ አንግቶ አገር የሚዞር ሠዓሊ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ማንኩሳ አጠገብ፣ በገበሬው በአያ ደምለው አውድማ ላይ አጋጥሞኛል። ያለ ወቅቱ ደመና አንዣብቦ ነበርና አያ ደምለው ስንዴያቸውን በመንሽ ወደ ላይ እየበተኑ ገለባውን በነፋስ ለመለየት ይቻኮላሉ።

«አባቴ፣ ብርሃኑ ወርቃማ እስኪሆን ትንሽ ይቁሙልኝ» አለ ሠዓሊው። ከፎቶው የመጋረጃ ንድፍ ሊሠራ ነው። እንግዳ እንዴት እንቢ ይባላል? ቆሙ። ነፋስ ግን ሥነ ጥበብ አይገባውም፤ ብርሃኑ ሲመጣ እሱ ጸጥ አለ። ለፎቶው ብለው ወደ ላይ የበተኑት ስንዴ ከነገለባው አናታቸው ላይ ወረደ።

«ድንቅ ነው!» ብሎ ፎቶውን አሳያቸው።

«አምሯል። ልጀ፣ ብርሃንህን ጠብቀንልሃል፤ አሁን ደግሞ ነፋሳችንን ጠብቅልን» ብለው መንሹን አስያዙት።

ሠዓሊው ሰማዩን አየ። ማካፋት ጀምሯል።