በተሳፋሪው በር ላይ ያስበየድኩት ብረት

ፈሪ ሰው መጠንቀቅ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። አንድ ቁልፍ ይበቃው የነበረ በር ሦስት ይገባለታል፤ ከዚያ ሌባው ቀርቶ ባለቤቱ መግባት ያቅተዋል። ሰው ለማማት እንዳይመስላችሁ፤ የማወራው ስለ ራሴ ነው።

ሥራዬ ከሽንዲ ወዲያ ካሉ ቀበሌዎች በርበሬ ሰብስቤ ፍኖተ ሰላም ማምጣት ነው። መኪናዬ ባለ አንድ ጋቢና ትልቅ ፒክአፕ ናት። እሷ ጭቃ አትፈራም፤ እኔ እፈራለሁ። ባለፈው ክረምት የአንድ ጓደኛዬ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ጣሪያው ትከሻው ድረስ ወረደበት። ነፍሱ ተርፋለች፤ አንገቱን ግን እስከ ዛሬ ወደ ግራ አያዞርም። እሱን ጠይቄ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ቡሬ ነዳሁ።

ቡሬ ጋሽ አያልነህ የሚባሉ በያጅ አሉ። መኪናዋ ብትገለበጥ ጣሪያው እንዳይጫነኝ፣ ጋቢናው ውስጥ ከወፍራም ቱቦ የብረት ማገር እንዲሠሩልኝ ለመንኳቸው። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀስ የሚሉ ሰው ናቸው። ቶሎ በሉልኝ ብዬ ስወተውታቸው፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው አሳፈሩኝ። ቱቦውን እየለኩ፣ እያጎበጡ፣ መጋጠሚያውን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን እያዳመጡ አራት ምሰሶ አቆሙ። ከወንበሩ ኋላም ጭነቱ እንዳይመጣብኝ የብረት መረብ በየዱ።

እዚህ ላይ መብቃት ነበረበት። እኔ ግን በሮቹም ላይ ወፍራም መስቀለኛ ብረት ይደረግልኝ አልኩ። ጋሽ አያልነህ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ በር መውጫም እንደሆነ አስታወሱኝ። ብዙ ተከራክረን በተሳፋሪው በኩል ብቻ ሊበይዱ ተስማሙ። በሾፌሩ በር እንገባለን፣ በሾፌሩ በር እንወጣለን። ምን ችግር አለው?

ሥራዎ በመጥፎ መንገድ ሲሞከር ይዩት ብዬ ሽንዲ ድረስ ይዣቸው ሄድኩ። በርበሬ ጭነን ስንመለስ አንድ ቦይ ጠርዝ ላይ አፈሩ ከጎማው ሥር ከዳን። መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንገዳግዳ በእኔ በኩል ቦዩ ውስጥ ተጋደመች። ጣሪያው ተጨረማመተ፤ ብረቱ ግን ቅንጣት አልተነቃነቀም። ተያይተን እግዚአብሔርን አመሰገንን።

ከዚያ መውጫ ፈለግን። የሾፌሩ በር ከበታችን ጭቃ ላይ ተኝቷል። የፊቱ መስታወት ከቦዩ ግድግዳ ጋር ተለጥፏል። ከኋላ መረቡ አለ። ከራሳችን በላይ የተሳፋሪው በር አለ፤ መስታወቱ ረግፎ ሰማይ ይታያል፤ በእኛና በሰማዩ መካከል ግን የእኔ መስቀለኛ ብረት አለ። የተቀደደ ጆንያ በርበሬውን በመረቡ በኩል ይነፋብናል። እያስነጠስን ሳለ እግሬን ቀዘቀዘኝ። ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ውሃው በቦዩ እየመጣ ነው።

ጉልበቴ ላይ ሲደርስ፣ "ጋሽ አያልነህ፣ ይሄ ብረት ደካማው የት ጋ ነው?" አልኳቸው።

ብረቱን በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ይንገሩኝ እንጂ።"

"ደካማ ቦታ የለውም፣" አሉ ቀስ ብለው። ኩራትና ፍርሃት ባንድ ድምፅ ሲወጡ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጩኸታችንን የሰማች፣ በበቆሎ ማሳዋ ዳር አረም ስትቆፍር የነበረች ይታይሽ የምትባል ሴት ከነዶማዋ መጣች። ከኋላ ካለው የመሣሪያ ሣጥን የብረት መጋዝ እንድታቀብለን ነገርናት። ጋሽ አያልነህ ዓይናቸው በበርበሬ እየነደደ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው የገዛ ሥራቸውን መገዝገዝ ጀመሩ። ሁለት ቦታ መቆረጥ አለበት። አንዱን ሳይጨርሱ ውሃው ወገቤን አለፈ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ የመጋዙ ምላጭ ተሰበረ። በቀረው ቁራጭ ቀጠሉ። እኔ ከወገባቸው ደግፌ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አቀላቀልኩ።

ውሃው ደረቴ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ መጉደል ያዘ። ምክንያቱን ያወቅሁት ሁለተኛውም ተቆርጦ ስንወጣ ነው፤ ይታይሽ ከላይ በኩል የቦዩን ዳር በዶማ ንዳ ጎርፉን ወደ ራሷ ማሳ ለቃዋለች። ለእሸት ሳምንት የቀረው በቆሎ ተኝቷል። እሷ ማሳውን አየችና፣ "በሉ ከብርዱ ውጡ፣ ቤቴ ቅርብ ነው" ብቻ አለችን። እኔ አለቀስኩ፤ በበርበሬው አሳበብኩ።

በሳምንቱ ቡሬ ስሄድ ከጋሽ አያልነህ በር ላይ ሦስት ፒክአፖች ተሰልፈዋል። ሾፌሮቹን ምን ሰምታችሁ መጣችሁ ብላቸው፣ ሠሪው ራሱ ገብቶበት መውጣት ያቃተው ብረት ሌላ የት ይገኛል አሉኝ። ጋሽ አያልነህ አንገታቸውን ደፍተው ቱቦ ይለካሉ። የበሩን ነገር ጠየቅኋቸው። ቀና ሳይሉ፣ ሦስቱም በሁለቱም በኩል ይበየድልን እንዳሉ ነገሩኝ።